በጋቢህ ፈንታ የመጣው ቅርንጫፍ

የልጆቼ አባት፣ ለቡና ለቀማ ብለህ ቴፒ ወርደህ በዚያው የቀረህ ሰው፣ እንዴት ነህ አልልህም። ወንዝ ከወሰደህ ይኸው ሰባት ክረምት አለፈ። ሬሳህን ያገኘ የለም።

አገራችን ደሃና እንደምታውቃት ናት፤ ገብሱን ዘንድሮም ውርጭ መታው። ወንድምህ የራሱን ማሳ አርሶ ሲጨርስ ነው የእኛ ትዝ የሚለው። ልጅህ አለሚቱ አረብ አገር ገባች። እናትህ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው።

ስለዚያ ጥቅል ልንገርህ እንጂ። ከቡና ለቀማው የዕፅዋት ተመራማሪዎች ወስደው ጓዝ ተሸካሚ አድርገው ቀጠሩህ። በትልልቁ ዛፍ ጥላ ስር የሚያድግ አንድ ቀጭን ዛፍ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ሲያዞሩህ ከርመው አገኙት አሉ። ቅርንጫፉን ቆርጠው፣ በጋዜጣ መሃል አድርገው፣ በማዳበሪያ ጠቅልለው አሸከሙህ። ወንዙ ሲሞላብህ ጥቅሉን ወደ ዳር ወርውረህ አንተ ሰመጥክ። ለሰው ቅጠል! ስትወረውረው እኛ ትዝ አላልንህም?

አብሮህ የወረደው ጎረቤታችን ካሳ፣ ተመራማሪዎቹ ልብሱ ነው ብለው ሰጡኝ ብሎ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ሬሳ የለምና ልብስህን አልጋ ላይ ዘርግተን ልናለቅስ አገሩ ተሰበሰበ። አልቃሿ ስለ ትከሻህ እየገጠመች፣ ሰው ደረቱን እየደቃ፣ እኔ ጥቅሉን ፈታሁት። የደረቀ ቅርንጫፍ። ለካ ሁለቱን ጥቅል አምታተው ጋቢህ ያለበትን የአንተን ልብስ አዲስ አበባ ወስደውታል። እናትህ ቅርንጫፉን አነሱና፣ "ልጄን ፍየል ይብላው ብላችሁ ነው?" አሉ። ሳቁን በነጠላው የሸፈነ ነበር። አይቼዋለሁ፤ አልረሳለትም።

ሳይቆዩ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው መጡ። ለለቅሶ እንዳይመስልህ፤ ቅርንጫፋቸውን ሊወስዱ። ጋቢውስ ብላቸው፣ ተባይ ወደ ዕፅዋቱ እንዳይገባ ብለን አቃጠልነው አሉ። መነጽር ያደረገው ቀረብ ብሎ፣ "እናቴ፣ እባክዎ፣ ያንን ዛፍ ሁለተኛ አላገኘነውም" አለኝ።

"እኛም ሰውዬውን ሁለተኛ አላገኘነውም" አልኩትና በሩን ዘጋሁበት።

ስለወደድኩህ ያስቀመጥኩት እንዳይመስልህ። እነሱ እንዳያገኙት ነው።

በየሙት ዓመትህ አልጋው ላይ እዘረጋዋለሁ። ሰው ሲበተን አይጥ እንዳይበላው ጣራ ላይ መልሼ እሰቅለዋለሁ። ቅጠሉ እየረገፈ ነው። ረግፎ ሲያልቅ እንጨቱን እዘረጋለሁ፣ እንጨቱም ሲደቅ ባዶው አልጋ ላይ አለቅስልሃለሁ። ምን ላርግ፣ አንተ ከወንዙ ያተረፍክልኝ እሱን ነው።