«የብርድ ሌባ» የተባሉት የኤሲ ጠጋኝ ወንድማችን

ሚያዝያ 8 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በመሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ አዳራሽ፣ የሕንፃው አስተዳዳሪ ወንድማችንን ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «የብርድ ሌባ!» ብሎ ሰደባቸው። እሱ ረስቶት ይሆናል፤ እኛ ሰዓቱን እንኳ አልረሳንም።

ወንድማችን በ1954 ዓ.ም. ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ያደጉበት የቆርቆሮ ቤት ፀሐይ ሲበረታ ይግል ነበር። እናታቸው ጎህ ሲቀድ መስኮቱን በርግደው፣ ረፋድ ላይ መጋረጃውን ዘግተው፣ ስምንት ነፍስ ያኖሩበት ነበር። ወንድማችን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1975 ዓ.ም. በኤሲ ጠጋኝነት ተቀጠሩ። በ1983 ዓ.ም. ትዳር ይዘው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ለሰው ብርድ ሲያመርቱ ኖረው፣ በኋላ ሥራቸው ራሳቸውን ይቆጫቸው ጀመር። ደረጃ ላይ ያገኟትን ሁሉ «ልጄ፣ አንቺ እዚህ ሹራብ የምትለብሺው ውጭውን አሙቀን እኮ ነው! መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚያቃጥለው ነዳጅ፣ ጭሱ የት የሚገባ ይመስልሻል?» ይሉ ነበር። ሰው በሌላው ደረጃ መውጣት አመጣ።

ስለዚህ ንግግሩን ተዉት። ለሁለት ወር ማለዳ እየመጡ መስኮቱን ሁሉ ከፈቱ፤ ሠራተኛ ሲገባ ዘግተው፣ ማቀዝቀዣውን አጥፍተው የኤሲውን ማራገቢያ ብቻ ለቀቁት። ማንም አልነቃም። የአስተዳዳሪው ጸሐፊማ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ኤሲው ዘንድሮ በረዶ ሆኗል!» ብላቸዋለች።

የዋሁ ወንድማችን ይህን ሲሰሙ ሰዎቹ የሚደሰቱ መስሏቸው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ የመብራት ቆጣሪውን ንባብ በወረቀት ይዘው፣ የሠሩትን በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተናገሩ። ያገኙት ያን ስድብ ነው። ጸሐፊዋም ተነሥታ «እኔም እኮ ሲያልበኝ ነው የከረመው!» አለች። አዳራሹ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ተኩል ቤታቸው መስኮት ሥር ተቀመጡ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ሄደዋል። ከዚያ ሕንፃ አንድም ሰው በራቸውን አላንኳኳም። በኩላሊት ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው ጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ አረፉ። አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና በዚያው ሕንፃ በር ጥበቃ የነበረ ታናሽ ወንድም ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ነፋሻ ጥላ ሥር ያሳርፍልን።

ያን ማክሰኞ ምን መለሱ ለሚል፦ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በደረጃው ወርደው በሩ ጋ ሲደርሱ ታናሽ ወንድማቸው «ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው? ወዴት ነው?» አላቸው። ለእንጀራው ፈርቶ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ወንድማችን አንዴ አዩት። ከዚያ ፀሐዩ ውስጥ ገብተው ሄዱ።