ሁለት ባል ለሰጠኝ የግብር ጽሕፈት ቤት

ሆሳዕና፣ ግንቦት 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ወልደየሱስ፣ የውጭ አገር ዜጎች የግብር ፋይል ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት ወንበርስ ደኅና ነው? እኛ እርስዎን ደጅ ከመጥናት ብዛት እግራችን ከማበጡ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ፈጣሪ ማለት ካልተፈቀደ ይሰርዙት፤ መሰረዝ ለእርስዎ አይከብድም።

እኔ ብርነሽ ሄራሞ እባላለሁ፤ የአንጋጫ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ሳሌህ ከየመን መጥቶ እዚህ ከተማ ልብስ ሲሰፋ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በጽሕፈት ቤታችሁ የእሱን ሱሪ ያልለበሰ ካለ እጁን ያውጣ። ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በመስኮትዎ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መንገድ ስለጠፋባቸው፣ አራተኛውን እንኳ አላፊ አግዳሚው እየጠቆመ ያድርስልኝ ብዬ ነው።

አቤቱታዬን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በ1968 ፋይሉ ሲከፈት ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አማርኛ ይናገራል እንጂ አይጽፍም፤ እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ደርሻለሁ። የመጀመሪያው መስመር ስም ይላል፤ ሳሌህ ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው የአባት ስም ይላል፤ እዚያ ላይ እጄ ቆመ። እርስዎ ከሌላ አገር ተሹመው የመጡ ስለሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመካከላችን ተቀምጠው ባይሰሙ አይፈረድብዎትም፤ በእኛ በከምባታ ባሊሻ የሚባል ደንብ አለ። ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል የሚጀምረውን ነገር ሁሉ እንኳ አትጠራም። አማቴ ቀይ ባሕር ማዶ ናቸው፣ አይቻቸውም አላውቅ፤ ቢሆንም አማት አማት ነው። ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ ገበያ ወጥቼ «ያን አረንጓዴውን፣ አፍ የሚለበልበውን ስጪኝ» እላለሁ፤ ሻጮቹም ለምደውኛል። ስለዚህ በአባት ስም መስመር ላይ ከተማው የሚጠራበትን ጻፍኩ። ሳሌህ አረቡ። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ሳቅ ብለው ማኅተም መቱበት። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ አልክድም።

2ኛ. በዚሁ ስም ሰባት ዓመት ግብር ከፈልን። ገማች ኮሚቴዎ በየዓመቱ የሚመጣው የመስቀል ሰሞን ነው፤ አገር ሁሉ አዲስ ልብስ በሚያሰፋበት፣ የእኔም ዘመዶች ከአንጋጫ መጥተው ጆንያቸውን ሱቁ ውስጥ አኑረው በሚውሉበት ሳምንት። ጆንያ የምትጠብቀውን አክስቴን ሳይቀር ደንበኛ ብለው መዘገቧት። ዓመቱን ሙሉ መስቀል ስላደረጉልን፣ ምርቃት ነው ብለን ከፈልን። ደረሰኞቹ ሁሉ አሉ።

3ኛ. ዘንድሮ የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ የግብር ማረጋገጫ ብንጠይቅ፣ በትጋትዎ አንድ ትልቅ ነገር ደረሱበት። በፓስፖርቱ ላይ የሳሌህ አባት ስም ሌላ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው አሉ፤ አንደኛው ሳሌህ ግብር የከፈለ፣ ግን ፈቃድ የሌለው፤ ሁለተኛው ሳሌህ ፈቃድ ያለው፣ ግን አንድ ሳንቲም ያልከፈለ። አንደኛውን ያለ ፈቃድ በመኖር፣ ሁለተኛውን ግብር በመሰወር ወነጀሉ። አንድ ባል ብቻ ያለኝ ሲመስለኝ ለኖርኩት የዋህ ሴት ሌላ ስለጨመሩልኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው። እባክዎን የትኛው እንደሚያንኮራፋ፣ የትኛውስ ትንሿን ልጄን አዝሎ እንደሚያስተኛት ቢነግሩኝ፣ ራት የማቀርብለትን ለይቼ አውቃለሁ።

4ኛ. ቅጹን የሞላችው ሴት ራሷ ሙሉ ስሙን ጠርታ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ታስረዳ ብለው አዘዙ፤ ቀረብኩ። «የባልሽ አባት ማን ይባላል?» አሉኝ። ነጠላዬን ወደ አፌ ሰበሰብኩ። «ሃያ ዓመት አብረሽው ኖረሽ አታውቂም?» አሉ። አውቃለሁ አልኩ። «ታዲያ ተናገሪያ!» አሉኝ። በመዝገቡም ላይ «ለመናገር ፈቃደኛ አይደለችም» ብለው ጻፉ፤ እጅ ጽሑፍዎ እንዴት ያምራል! ጎረቤቴ እህተማርያም ልመስክር ብላ ብትመጣም፣ ቅጹን አንቺ አልሞላሽም ብለው መለሷት። ደንብ አክባሪነትዎን አደንቃለሁ። እኔም ደንብ አክባሪ ነኝ፤ ቤቴ ሊፈርስ የደረሰው ሁለታችን ስለተገናኘን ነው።

ለሚቀጥለው ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ፈቃዱ ዓርብ ያበቃል። ቅዳሜ ሳሌህ ከአገር ይውጣ ብላችኋል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ወዳልረገጠው አገር፣ እኔና ሦስት ልጆቹ ወደማንከተለው። ትናንት መቀሱን ስሎ በጨርቅ ጠቀለለው። ትንሿ ልጄ ብርቅዬ ግን የሁለቱን ሳሌህ ወሬ ሰምታ ኖሮ፣ «ሁለት ከሆኑ አንዱን ይተዉልና» አለችኝ። እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ መልሱን ቢልኩላት።

ለእርስዎ ቀለሙ የማይነጥፍ ማኅተም፣ ለእኔ ደግሞ እርስዎን ደጅ የምጠናበት እግር እንዲሰጠን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የሁለቱም ሳሌህ ብቸኛ ሚስት፣
ብርነሽ ሄራሞ

ግልባጭ፦
ለሳሌህ አረቡ
ለሳሌህ ……

ማስታወሻ፦ ካኪ ኮትዎ ሱቃችን ውስጥ ተቆርጦ ሳይሰፋ ተቀምጧል። ዓርብ ሲመጡ የተቀበለዎት የትኛው ሳሌህ እንደሆነ ማስረጃ ይያዙ።

ሌላም አለ። ግልባጩ ላይ የአባቱን ስም ቦታ ክፍት ትቼ ልለጥፈው ከወጣሁ በኋላ ከበር ተመለስኩ። ቃሲም። የአማቴ ስም ቃሲም ነው። ሳሌህ አረቡና ሳሌህ ቃሲም አንድ ሰው ነው፤ እሱም ባሌ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ቃሪያ ብዬ ብጠይቅ ሻጮቹ ምን ነካት ይላሉ። ሃያ ዓመት ያከበርኳቸውን ሽማግሌ ለአንድ ማኅተም ብዬ በአደባባይ ጠራኋቸው፤ እሳቸው ይቅር ይበሉኝ። እኔ ደንቤን አፍርሻለሁ፣ ጓድ፤ እስከ ዓርብ ተራው የእርስዎ ነው።