አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ

ሰኞ
ደሙ ከቲሸርቴ አልለቀቀም። ሁለቴ አጠብኩት። አጎቴ ጋሼ ይመር ከሱቃችን ጀርባ ፓርኪንጉ ላይ እቃ ሲያወርዱ ጡብ አናታቸውን ፈነከታቸው። አስራ አንድ ስፌት። ወንድሜ ከድር «ሀብታሙ ነው!» ብሎ ሮጠ። ሀብታሙ ባለፈው ሳምንት የተባረረው ሠራተኛችን ነው፤ ሲወጣ «ታያላችሁ» ብሎን ነበር። ከድር ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሞ አገኘው። ተከትዬ ስደርስ መሬት ላይ ጥሎ ይረግጠዋል። መንጋጋው ሲሰበር ሰማሁት። አልጮህኩም። ቆሜ አየሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ
የሀብታሙ መንጋጋ በሽቦ ታስሯል። ማን እንደደበደበው ለፖሊስ አልጠቆመም። የሚያስፈራኝ አለመጠቆሙ ነው። ወንድሞቹ ከድርን እየፈለጉት ነው። ከድር ጎማ መፍቻ ብረት ከወንበሩ ስር አድርጎ ይነዳል። «ይምጡ!» ይላል።

ለሳይንስ ታሪክ ክላስ ሐሙስ የማስገባው ፔፐር አለብኝ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ብዙ የተፈጥሮ ፈላስፎች ሒሳብን ይንቁ ነበር። ድንጋይ ለምን እንደሚወድቅ አይነግረንም ባዮች ናቸው። አንድ ጣልያናዊ ግን «ለምን»ን ትቶ «እንዴት» ብሎ ለካ። ከቆመበት ተነስቶ የሚወድቅ ነገር በእኩል እኩል ጊዜ የሚወርደው ርቀት ጎዶሎ ቁጥር ይከተላል፦ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ላፕቶፔን ዘጋሁት። የማስበው ስለ ብረቱ ነው።

ረቡዕ
ፓርኪንጉን የሚቀርጸውን የሱቁን ካሜራ ቪዲዮ አየን። ጡቡ ከስክሪኑ አናት ገብቶ የሱቁን ግድግዳ ታኮ ይወርዳል። የጣሪያው ጫፍ አይታይም። ከድር «ከመንገዱ በጣሪያው ላይ አሻግሮ ወረወረው፣ አለቀ» አለ።

ሶ ቪዲዮውን በየአራት ፍሬሙ እያስቆምኩ፣ ጡቡ የግድግዳውን ስንት ረድፍ እንደወረደ ቆጠርኩ። አምስት። ሰባት። ዘጠኝ። ወደ ኋላ ሳሰላው ሦስት፣ ከዚያ አንድ። ካሜራው ከሚያየው በላይ አራት ረድፍ ማለት ነው። ወጥቼ ቆጠርኩ፤ አራተኛው ላይ ግድግዳው ያልቃል። ተወርውሮ ቢሆን እዚያ ሲደርስ ቀድሞውኑ ፍጥነት ይኖረው ነበር። ይሄ ግን ከቆመበት ነው የጀመረው። በመሰላል ወጣሁ። ሲሚንቶው እንደ ዱቄት ይረግፋል። የአንድ ጡብ ቦታ ባዶ ነው፤ ጎኑ ያለውን በጣቴ ስነካው ተነቃነቀ።

ማንም አልወረወረም።

ለከድር ነገርኩት። «ቁጥር ምን ያውቃል!» ብሎ ላፕቶፔን ከግድግዳ ጋር አላተመው። አንገቴን አነቀኝ። ጋሼ ይመር ፋሻቸውን እንደጠመጠሙ ደርሰው «ልቀቃት!» አሉ። ለቀቀኝ። ከዚያ መሰላሉን ወጣ። ብዙ ቆየ። ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

ሐሙስ
ፔፐሩን አላስገባሁም። ሦስታችንም ሀብታሙ የተኛበት ሆስፒታል ሄድን። ከድር ባዶ እጁን ነው። የሀብታሙ ታላቅ ወንድም በሩ ላይ በጥፊ መታው፤ ደገመው። ከድር እጁን አላነሳም። ጋሼ ይመር መሃል ገብተው፣ «ልጄ አጥፍቷል። የፈነከተኝ የገዛ ግድግዳዬ ነው» አሉ። ሀብታሙ ሰማ። መናገር አይችልም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ስንወጣ ከድር «ፖሊስ ጣቢያ ውሰጂኝ፣ ራሴ ልንገራቸው» አለኝ። ድራይቭ አድርጌ ወሰድኩት። ከመኪናው ሲወርድ አንገቴን አየና «ያምሻል?» አለ።

«አዎ» አልኩት።

ገባ። ፓርክ አድርጌ እየጠበቅኩት ነው። እስካሁን አልወጣም።