አየሩ መውጫ አጣ

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃውን መውጣት ቻልሽ ወይ? ዓይንሽስ ጠራልሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ጠብታ አላቋረጥሽም አይደል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን አካሌን ነው እንጂ አንጀቴስ እርር ብሏል። ለሌላ ሰው ባወራው «በቧንቧ ትናደዳለች» ብሎ ይስቅብኛል፤ አንቺ ግን ትሰሚኛለሽ።

በቧንቧ ጥገና የምሠራበት የአረጋውያን ማረፊያ በእንፋሎት እንደሚሞቅ ነግሬሻለሁ። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ውሃውን ያፈላል፤ እንፋሎቱ በዋናው ቧንቧ ሄዶ በየክፍሉ ማሞቂያ ይገባል። ግን ቦይለሩ ሲጠፋ ቧንቧውን አየር ይሞላዋል። ያ አየር ካልወጣ እንፋሎቱ አይገባም፤ ወራጅ ሳይወርድ አውቶቡስ ውስጥ ለመግባት እንደ መጋፋት ነው። ለዚህ ነው በዋናው ቧንቧ ጫፍ የአየር ማስወጫ የሚገጠመው። አየሩን ያስወጣል፣ እንፋሎት ሲደርስበት ይዘጋል።

በኋለኛው ሕንፃ ያሉት እናቶች ብርዱን ሁሉ ካፖርት ለብሰው ነው የተኙት። የጥገና ኃላፊያችን፣ ለሁሉም ነገር መድኃኒቱ ግፊት መጨመር ስለሆነ «አቶ ግፊት» የምንለው ሰውዬ፣ «መስኮት እየከፈቱ ነው» ይላል። መስኮቱ እኮ ዙሪያውን ታሽጓል! ሜትሬን ይዤ ወረድኩ። ቧንቧው ውፍረቱ ክንዴን ያህላል፣ ርዝመቱ አርባ ሁለት ሜትር። ጫፉ ላይ ያለው ማስወጫ ግን ለአንዲት ክፍል ማሞቂያ የሚሆን፣ ቀዳዳው ከክብሪት እንጨት ያልሰፋ! ቦይለሩ እንዳይጠፋ አድርጌ ሰዓት ያዝኩ፤ እንፋሎቱ ጫፍ የደረሰው በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነው። በሌላ ቀን ቦይለሩ የፊተኛው ሕንፃ ሞቀ ብሎ በሃያኛው ደቂቃ ይጠፋል። ታዲያ ለኋለኞቹ ምን ይደርሳቸዋል?

ሄጄ ነገርኩት። «አንቺ መፍቻሽን ያዢ፣ ስሌቱን ለኛ ተዪልን» አለኝ። በማግስቱ ግፊቱን እጥፍ አደረገው። ቧንቧው በመዶሻ እንደሚመታ ይደበደብ ጀመር፤ ማሞቂያዎቹም የፈላ ውሃ ይተፉ ጀመር። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ አንዲት ባልቴት ቀኝ እጃቸውን ተቃጠሉ። ምን አጠፉ? ልሙቅ ብለው ተጠጉ እንጂ!

ይኸም አልበቃው፤ «ተረኛዋ ባለመከታተሏ የደረሰ አደጋ» ብሎ ሪፖርት ጽፎ ፈርሚ አለኝ። ባልደረቦቼም «ፈርሚና እንጀራሽን ብዪ» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ይዤ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገባሁና «ከምነግርዎ ይልቅ ወርደው ይዩ» አልኳት። ወረደች፤ አቶ ግፊትም ተከተለ።

ግፊቱን ወደ ድሮው መለስኩ። ማስወጫውን ፈትቼ የቧንቧውን ጫፍ ክፍት ስተወው እንፋሎቱ በሰባት ደቂቃ ደረሰ። «ከዚህ በላይ አይፈጥንም፤ ሰዓቱ ወደዚህ እስኪቀርብ ድረስ ነው ቀዳዳው የሚሰፋው» አልኳቸው። አንድ ትልቅ ማስወጫ ስገጥም አሥራ ሦስት ደቂቃ። ከጎኑ ሁለተኛ ስጨምር ስምንት። ሦስተኛው ምንም ለውጥ አላመጣምና አወጣሁት። ሥራ አስኪያጇ ወደ አቶ ግፊት ዞራ «ይኼን ሁሉ ጊዜ?» አለችው።

የለካሁትን ሁሉ ከሪፖርቱ ሥር ጻፍኩበት። ባልቴቷ ሰምተው ኖሮ ምስክር እሆናለሁ ብለው አስጠሩኝ፤ ቀኛቸው በፋሻ ስለታሰረ በግራቸው ፈረሙ፣ ፊደሉ እየተንጋደደባቸው። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ስሜ ከጥፋቱ ወጣ። ግን አቶ ግፊት ምን ሆነ መሰለሽ? ምንም! «ምክንያቱ የቧንቧው እርጅና ነው» ተብሎ ታለፈ። ቧንቧ አይከራከር! አንድ ቀን እንኳ የባልቴቷን በር አንኳኩቶ ይቅርታ አላለም።

ለታላቅ እህቴ ጉንጯን ስሚልኝ፤ ባሏን ስለ ጀርባው ጠይቂልኝ። ለአክስቴ አልጠፋሁም በያት። ታናሽ ወንድሜን ፈተናው ሲደርስ ስልኩን እንዲያስቀምጥ ንገሪልኝ። የታችኛዋን ጎረቤታችንንም ሰላም በዪልኝ።

ባልቴቷን ዛሬም አየኋቸው፤ ክፍላቸው ሞቋል፣ ካፖርታቸውንም ሰቅለውታል። መርፌ ግን ገና መያዝ አልቻሉም።

ልጅሽ
ከምድር ቤቱ፣ ከቦይለሩ አጠገብ
የካቲት ፲፩ ቀን