ሰኔ ሁለትን ንገረኝ

ሰኔ 26፣ ጠዋት 3 ሰ.

ዛሬም ሻይ እየቀዳሁ ነው። አስራ ሁለት ብርጭቆ። እድሩ ወንበሩን ካነሳ ቆየ፣ ሰው ግን አላቆመም። ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እናቴን አይተው ይተነፍሳሉ። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራሉ። ፈተናው እንዴት ነበር? አለፍሽ አይደል? እሰይ! አባትሽ ይህን ቢያይ!

አለፍኩ፣ አዎ። አባቴ ከሞተ በአስራ አንደኛው ቀን ቁጭ ብዬ ተፈተንኩ። መሞቱን ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ደብተር፣ ከፊትህ የአራተኛ ዓመት የውርስ ሕግ ማስታወሻዬ አለ። ከኋላህ ባዶ ስለሆንክ ተመረጥክ። ሌላ ማንንም አላምንም። አንተ ዝም ስትል ቢያንስ እየዋሸህ አይደለም።

አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። አባዬ፣ ጋሽ ወርቁ ጎሚስታው፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ናዝሬት ላይ ጎማ የሚያስለጥፍበት፣ ሰኔ 2 በልብ ሕመም ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሰኔ 3 ተቀበረ። እኔ ሐዋሳ፣ ዩኒ. ውስጥ፣ ለመውጫ ፈተና እያጠናሁ። ፈተናዋን ትጨርስ አሉ። የግቢ ጣጣዬን ጨርሼ ሰኔ 17 ስመጣ አክስቴ ቤት አሳደሩኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ።

የአገሩ ወግ ነው ይላሉ። ለአንቺ ብለን ነው ይላሉ።

ለእኔ ብላችሁ ያለ እኔ ቀበራችሁት?

ሰኔ 27

ና. ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። ስሙን ሙሉ አልጽፍም፣ አይገባውም።

ሁለት ዓመት አብረን ነን። ቤቱ ከእኛ ሦስተኛው በር። ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ በሚኒባስ ሄዶ በሚኒባስ ይመለሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባዬ ሱቅ ደጃፍ አይጠፋም። አባዬ ስለ እኛ ያውቃል፣ እንደማያውቅ ሆኖ።

ከሰኔ 2 እስከ ሰኔ 16 ማታ ማታ 1 ሰ. ላይ ደወለልኝ። አስራ አምስት ምሽት። አባዬ ስልኩ ለምን ተዘጋ? መተሐራ ለሥራ ሄደዋል፣ ኔትወርክ የለም። መቼ ይመለሳል? ሰሞኑን። ቀልድ ነገረኝ። ዘፈነልኝ። አስከሬኑን ተሸክሞ በዋለበት ማታ፣ አስበው ደብተር፣ የውል ሕግ ጥያቄ ጠየቀኝ! እኔም መለስኩለት! «ጎበዝ» አለኝ!

ሰኔ 17 መናኸሪያ ተቀበለኝ። ሻንጣዬን ያዘ። ምሳ በላን። ለአባዬ ያመጣሁትን ኮፍያ ባጃጅ ውስጥ አውጥቼ አሳየሁት። እጁ ላይ አገላበጠው።

«ያምርባቸዋል» አለ።

ሰኔ 28

እንቅልፍ የለም። የስልኬን መልእክት አርባ ጊዜ አነበብኩ። ሰኔ 13፣ ከማለዳው 12 ሰ.፣ ልፈተን ስወጣ የደረሰኝ። ከአባዬ ስልክ። «በርቺ ልጄ። ጎማ ሲፈነዳ ፍሬን አትርገጪ። መሪውን አጥብቀሽ ያዢ።»

ያን ቀን ግቢው መሐል ቆሜ አነበብኩት፣ ኔትወርክ አገኘ ብዬ ሳቅኩ፣ ሳምኩት። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ጭንቅላቴ ድርግም ሲል ይህ ነው ያተረፈኝ። መሪውን ያዝኩ።

የሞተ ሰው አይጽፍም። ስልኩ ማን ጋ እንደነበር አውቃለሁ። ና. ነው የጻፈው። የአባዬን አነጋገር ሰርቆ፣ የአባዬን እጅ አስመስሎ። ይህ በሕግ ስም አለው። መደበቁን ምናልባት፣ ከስንት ዓመት በኋላ። ይህን ግን አልምረውም።

ሰኔ 30

ሽማግሌ ላከ! ሦስት ሰው። የመሩት አጎቱ ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ አባዬን የሚያውቁ ደግ ሰው፣ ስለዚህ ይበልጥ ተናደድኩ። ና. ራሱ በሩ ላይ ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ቆሟል። ጂንስ ለብሶ። እንደ ድሮ ሰው።

ኦቦ ገመቹ አንገታቸውን ደፍተው ጀመሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አጥፍቷል። አምኗል። ከአርባው በፊት ይቅር በይና ነፍስ ትረፍ።»

«የማን ነፍስ ኦቦ?»

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። የተማረ ሰው ለሽማግሌ እንዲህ አይመልስም አለኝ።

«የደበቃችሁኝ እንድማር አይደል? ይኸው ተማርኩ!»

እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ወደ በሩ ሄድኩ። ድንጋዩን አየሁት። ጎኑ በግሪስ የጠቆረ። የአባዬ ነው! ከባድ መኪና በክሪክ ሲያነሳ ጎማው ስር የሚሸጉጠው፣ መኪናው እንዳይንሸራተት። ከሱቁ ደጃፍ አንስቶት ነው።

«የአባቴን ድንጋይ ከወሰድክበት መልስ» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩትም። ተሸክሞት ሄደ። ሽማግሌዎቹ ሻይ ሳይጠጡ ወጡ። ሰፈሩ ይህን እስከ መስቀል ያወራል። ያውራ።

ሐምሌ 2

ወሰንኩ። ሐምሌ 11 አርባው ነው። ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ሲበላ፣ ተነስቼ መልእክቱን አነባለሁ። ቀኑን አነባለሁ። ከዚያ ማን ጻፈው ብዬ እጠይቃለሁ። ያኔ ድንጋይ ሳይሆን ተራራ ይሸከም።

ለእናቴ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። አታደርጊውም አለች። አደርገዋለሁ አልኩ።

ሐምሌ 3፣ ከቀኑ 9 ሰ.



እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር። አጠገቧ ስቀመጥ ቀና ሳትል ጀመረች። አረፋው ውስጥ እጇን እንደነከረች ተናገረች።

«ቃሉ የአባትሽ ነው። አልጋው ራስጌ ቆሜ ነበር። ሰኔ 1። ፈተናዋን ሳትጨርስ ትንፍሽ እንዳትሉ ብሎ እኔንና ናኦልን አስማለን። መልእክቱን ለናኦል ቃል በቃል አስጻፈው። የፈተናዋ ጠዋት ላክላት አለው።»

ለምን ዝም አላችሁኝ አልኩ። ጮኼ ሳይሆን አይቀርም፣ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየን።

«ናኦል ነው የለመነኝ። በሞተ ሰው ተቆጥታ ማን ጋ ትሄዳለች? በእኔ ትቆጣ አለ።»

የዚያኑ ቀን ማታ

አባዬ፣ አንተ ነህ።

ግንቦት 30 ደውዬልህ ድምፅህ ሲሻክር ጉንፋን ነው አልከኝ። አልጋ ላይ ሆነህ። ኦክስጅን አውልቀህ ይሆናል። የመጀመሪያው ውሸታም አንተ ነህ። ሦስት ሰዓት መንገድ ነበር! እመጣ ነበር! እጅህን እይዝ ነበር! ፈተና በስድስት ወር ይደገማል። አንተ ትደገማለህ?

ማን ፈቀደልህ? ማን ነው ዲግሪ ከአንተ ይበልጥብኛል ያለህ? ጠይቀኸኛል?

ኮፍያህን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ከዚያ አነሳሁት። አቧራውን አራገፍኩ።

ሐምሌ 5

ዱከም ሄድኩ። ዝናብ ነው፣ የአባዬን ኮፍያ አድርጌያለሁ። ፋብሪካው ሲለቅ በር ላይ ጠበቅኩት። አይቶኝ ቆመ። ኮፍያውን አየ። ፊቱ ተበላሸ።

አንድ ሱቅ መጠለያ ስር ገባን። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። በጋሼ እንዳትቆጪ ብዬ ነው አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የታመመ ሰው እንደማባበል። ያኔ ፈነዳሁ።

«አንተ ማን ነህ በማን እንደምቆጣ የምትመርጥልኝ? እነሱ ቀብሩን ወሰዱብኝ፣ አንተ ደግሞ ንዴቴን ልትወስድ?»

«ማንም አይደለሁም።»

«አትለስልስብኝ! ተጣላኝ!»

ተጣላኝ። በሁለት ዓመት ጮኾብኝ አያውቅም፣ ዛሬ ጮኸ።

«እኔስ? ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ጋ ነበር የምቀመጠው? መቃብሩ ላይ አፈር መልሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ላንቺ ደውዬ ሳቅኩ! አስራ አምስት ቀን ሳቅኩ! የማለቅስበት ሰዓት የቱ ነበር ሜሮን?»

ቁጥሩን እሱም ያውቀዋል። እኔ ብቻ የቆጠርኩ መስሎኝ ነበር።

«‹ያምርባቸዋል›ንስ ማን አስማለህ?» አልኩ።

«ማንም። እሱ የራሴ ነው» አለ። «እሱን አልችለውም። ሌላ ቃል አጣሁ።»

ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። «እናንተ! ለናዝሬት ሁለት ሰው ቀረ! ወይ ግቡ ወይ ቤታችሁ ተጣሉ!» ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ሳቁ። እኔም ለትንሽ ልስቅ ነበር፣ ተናደድኩ።

ገባን። እሱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። መስታወቱ ውስጥ አየሁት። ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ያለቅሳል።

ሐምሌ 11፣ አመሻሽ

አርባው አለቀ። አላነበብኩም። ስለራራሁ አይደለም። የአባዬ ቃል ስለሆነ ነው፣ ለእኔ ብቻ የተላከ።

መቃብሩ ላይ ሁሉም የት መቆም እንዳለበት ያውቃል። አንዱ እዚህ ጋ ነበር ፀሐይ ያቃጠለን ይላል፣ ሌላው ሾፌሮቹ መኪናቸውን ያቆሙት እዚያ ጋ ነው ይላል። እኔ እንግዳ ነኝ። በገዛ አባቴ መቃብር ላይ እንግዳ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ቀን አለው፣ እኔ የለኝም። የእኔ ሰኔ 3 የውል ሕግ ነው።

ና. ድንኳኑ አልገባም። ከውጭ ቆሞ ለእንግዳ እጅ ያስታጥብ ነበር። ኦቦ ገመቹ በእኔ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። አሁንስ ልጄ? አሉኝ በዓይናቸው። ይቅር ብያለሁ አላልኩም። ይቅርታ ከአፌ የሚያወጡት ነገር አይደለም። መጀመሪያ የተወሰደብኝን ይመልሱ።

የሚመለስ ነገር አለ እንዴ?

አለ። አሁን ስጽፍ ገባኝ።

ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ደወልኩለት። እኔ ራሴ። ማታ 1 ሰ. የአባዬ ሱቅ ደጃፍ ና አልኩት። በየምሽቱ በዋሸኸኝ ሰዓት። አስራ አምስት ምሽት ትመጣለህ። በየምሽቱ አንዱን ቀን እንደነበረ ትነግረኛለህ። ማን መጣ፣ ማን ምን አለ፣ አንተ ምን በላህ፣ ለእኔ ስትደውል የት ቆመህ ነበር። አንዲት ነገር ብታስቀር ያስታውቅብሃል። እንዳላዝን ብለህ ብታሳምረው እዚያው ያበቃል።

ከዚያስ? አለኝ።

ከዚያ አላውቅም አልኩት። አስራ ስድስተኛው ምሽት ላይ እናያለን።

እመጣለሁ አለ።

ሐምሌ 12 (ሰርዤዋለሁ)። ሰኔ 2፣ ማታ 3 ሰ.

መጣ። ሱቁ ዝግ ነው፣ መብራት የለም፣ የከባድ መኪና መብራት እያለፈ ይበራልናል። ያን ድንጋይ ቦታው መልሶታል። እሱ ላይ ተቀመጠ። እኔ አሮጌ ጎማ ላይ።

ሳያሳምር ነገረኝ። አባዬ ጠዋት ውሃ ጠየቀ። ውሃው ሞቀ ብሎ ተቆጣ። ከቀኑ 8 ሰ. ላይ እናቴ ለጸሎት ወጣች፣ እሱ ብቻ ነበር ያለው። አባዬ ስንት ሰዓት ነው አለው። ስምንት አለው። «ቤተ መጻሕፍት ናት አሁን» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ። እውነቱን ነው።

ሁለታችንም አለቀስን። እጄን አልሰጠሁትም፣ አልጠየቀኝምም። ሲነሳ ነገስ? አለ። በሰዓቱ ና ናኦል፣ አልኩት።

አሁንም ተናድጃለሁ ደብተር። በአባዬም፣ በእነሱም፣ በእሱም። እንዳይመስልህ።

ጥቁሩን ልብስ ተኩሼ ሰቅያለሁ። ነገ ሰኔ 3 ነው። ነገ አባቴን እቀብራለሁ።