በስቅለት የተለፈፈ ማስታወቂያ

አንዳርጌ፣

ቁልፉን ደጃፉ ድንጋይ ሥር ታገኘዋለህ። ሽሮ አለ፣ እንጨት የለም።

እኔ ነፋስ መውጫ ፍርድ ቤት በእግሬ ሄጃለሁ፤ መንገድ ሠሪዎቹ መንገድ ላይ የቆመውን ላንድሮቨሬን ጎትተው ወስደውታልና።

መንገዱ እንደሚቆፈር አርብ ገበያ ላይ አስለፍፈናል አሉኝ። ያስለፈፉት በስቅለት ነው። ያን ቀን ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ዋለ፤ ገበያው ላይ ውሻ እንኳ አልነበረም።

ማስታወቂያውን የጻፍከው አንተ፣ ጸሐፊያቸው፣ እንደሆንክ ትናንት ሰማሁ። ከጎኔ ስትሰግድ ውለህ፣ አንድ ቤት አድረን፣ ትንፍሽ አላልክም።

ባለፈው ስለሰደብኩህ ይቅርታ ልልህ ነበር። ተውኩት።

ምስክር የቆጠርኩት አንተን ብቻ ነው። መስቀል መትተህ እውነቱን ከተናገርክ አለቃህ ያባርርሃል። ከዋሸህ ግን ለከርሞ ስቅለት እዚያው ከጎንህ ቆሜ ስትሰግድ አይሃለሁ።

ታፈረ