ናሙና ቀማሾቹ

ወዳጄ፣ በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ፦ ዛሬ እዚህ በእንግድነት በመጣሁበት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ያለ አግባብ ተከፍቷል። ለተማሪዎች ምሳ ለሚያቀርቡ የአካባቢው ገበሬዎች የገንዘብ ድጋፍ ሊሰጥ ነውና፣ የየገበሬውን ምግብ ቀምሰው የሚመርጡት ዳኞች ናሙና ፍለጋ ማድቤት ገብተው የልጆቹን ምሳ ቀመሱ።

«ኧረ ጌቶቼ፣ እሱ የልጆቹ ነው!» ስትል ወጥ ቤቷ፣ የዳኞቹ ሊቀመንበር «ጨው ያንሰዋል» ብሎ ሌላ ጭልፋ ደገመ። እኛ ጋ ቢሆን ቢያንስ «እንብላ» ይባል ነበር።

ልጆቹ ማልቀስ ሲጀምሩ፣ ድጋፉን ለውሃ ፓምፕ የምትጠብቅ አንዲት ካሮት አምራች አንጀቷ አልችል ብሎ ለናሙና ያመጣችውን ሾርባ አደለቻቸው። ዳኞቹ አፋቸውን እየጠረጉ መጡ።

«ናሙናሽ የታለ፣ እትዬ?»

«ልጆቹ በሉት።»

«እንግዲያው ፓምፑ ለከርሞ!»

የካርዱ ቦታ ጠበበኝ፤ እናትህን ሳምልኝ፣ የሕፃኑንም ጉንጭ።

እርማት፦ ከላይ «ቀመሱ» የተባለው «ድስቱን አራገፉ» ተብሎ ይነበብ።